ጠላቂን የሚያድነው የብሱ ነው



ቅዳሜና እሑድን ቤተሰብ ሰብስቦ ከሐይቅ ወይም ከምንጭ ዳር ድንኳን መትከል፣ ከዚያም የአየር ሲሊንደር አዝሎ ውሃ ውስጥ መጥለቅ በእኛ ዘንድ ገና እንግዳ ነገር ነው። ወላጆቻችን ውሃን የሚያውቁት ሲሻገሩት፣ ሲቀዱትና ሲጠመቁበት ነበር፤ ለመዝናናት ብሎ ከሥሩ መግባት የጤነኛ ሰው ሥራ አይመስላቸውም። አትላንታ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚያድጉ ልጆች ግን ነገሩን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ይሰማሉ፤ ሰምተውም ይጠይቃሉ። የተጠየቀው ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለው መልስ ከሁለት አይዘልም፦ «አይሆንም፣ ትሞታለህ!» ወይም «ባሕር እስካልሆነ ድረስ ምን ችግር አለው?» ሁለቱ መልሶች ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ አደጋውን የሚፈልጉት አንድ ቦታ ነው፤ ውሃው ውስጥ። እኔ ዛሬ የምከራከረው አደጋውም መዳኛውም በአብዛኛው ያለው ከውሃው ውጪ ነው ብዬ ነው። ሰው ከመጥለቁ በፊት ባደረበት ሌሊት፣ በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው ዙር መካከል ባለው ሰዓት፣ ከጠለቀም በኋላ ወደ ቤቱ በሚመለስበት አኳኋን ውስጥ ነው ያለው። ይህ እውነት ከሆነ ድንኳኑን ከመጥለቂያው ዕቃ እንደ አንዱ መቁጠር ይኖርብናል፤ ምናልባትም ከሲሊንደሩ ቀጥሎ።

ታሪኩን ከመነሻው ያየ ሰው ይህን አባባል አዲስ አይለውም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።) ዛሬ በዓለም ዙሪያ ጠላቂዎች የሚጠቀሙበትን፣ ሰው አየር በሳበ ጊዜ ብቻ የሚለቅቀውን መሣሪያ የሠሩት የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኢንጂነሩ ኤሚል ጋኛን ናቸው። ዘመኑ 1943፣ ፈረንሳይ በጀርመን ጦር ተይዛ የነበረችበት ወቅት ነው። የመጀመሪያው ናሙና የተሞከረው በባሕር ላይ አልነበረም፤ ፓሪስ አጠገብ በሚፈስሰው የማርን ወንዝ ውስጥ ነበር። ሐይቅና ወንዝ የባሕር ምትክ ብቻ የሚመስሏቸው ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል። መሣሪያው ተሻሽሎ በዚያው ዓመት በጋ ሜድትራኒያን ዳርቻ ሲሞከር ደግሞ የኩስቶ ባለቤት ሲሞን በስኖርክል እየተነፈሰች፣ ፊቷን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ከላይ እየዋኘች ባሏን ትከታተል ነበር። ታሪኩ ሲተረክ ጀግናው ሁልጊዜ ከታች ያለው ነው። ነገር ግን ከላይ የሚያይ፣ ዕቅዱን የሚያውቅ፣ ሲዘገይ የሚደነግጥ ሰው ባይኖር ያ ሙከራ ድፍረት እንጂ ሙከራ ሊባል አይችልም ነበር። የቤተሰብ ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ ዘግይቶ የተጨመረ ጌጥ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን የነበረ ነው።

«ሐይቅ ገር ነው» ወደሚለው እምነት ልምጣ፤ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ ዝግጅቱን የሚያላላው በዚህ እምነት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ጨው አልባ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ሲመዝን የባሕር ውሃ ወደ 1,025 ይጠጋል። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ሆኖም ከነዕቃው 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባሕር ላይ የለመደውን፣ ለመስጠም የሚረዳውን የእርሳስ ክብደት ወገቡ ላይ እንደታጠቀ ሐይቅ ቢገባ 2.5 ኪሎ ያህል ትርፍ ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል። ግፊቱ በባሕር በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ሲጨምር በሐይቅ በየ10.3 ሜትሩ ይጨምራል፤ የሐይቁ ችሮታ እንግዲህ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነች። ለሳንባ ይህች ምንም አትጠቅምም። 10 ሜትር ላይ ሙሉ አየር ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው የያዘው አየር እጥፍ ለመሆን ይታገላል፤ ደረቱ ግን እጥፍ አይሆንም። የሚያስደነግጠው ደግሞ በንጽጽር ትልቁ የግፊት ለውጥ ያለው ከገጹ አጠገብ መሆኑ ነው። ከ1 ሜትር ተኩል በማይበልጥ ውሃ ውስጥ ከሲሊንደር አየር ወስዶ፣ ትንፋሹን አፍኖ የተነሣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ይህ እኮ ልጆች «ደረቱ ላይ ብቻ ነው የደረሰው» ብለው የሚጫወቱበት ጥልቀት ነው። ብርዱም አለ። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ጨው አልባ ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ስለሆነ በቀዝቃዛ አገሮች በጥልቅ ሐይቆችና ውሃ በሞላቸው የድንጋይ ካባዎች ውስጥ ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር ተኝቶ በጋውን ያሳልፋል፤ ላይ ላዩን የሞቀ የመሰለው ሐይቅ ጥቂት ሜትር ሲወርዱ በቢላዋ የተቆረጠ ያህል ድንገት ይቀየራል። በዚህ ላይ ከወለሉ የተኛው ደለል አንድ ጊዜ በእግር ከተመታ እጅን ዘርግቶ ጣትን ማየት ያቅታል።

እስካሁን የዘረዘርኩትን የሚሰማ ሰው «ታዲያ አደጋው ውሃው ውስጥ ነው ማለት ነው እንጂ» ሊለኝ ይችላል። ቆይ ልበለው። ከእነዚህ ችግሮች ውስጥ ውሃ ውስጥ ከተገባ በኋላ የሚፈታ አንድም የለም። ትርፉ እርሳስ የሚወልቀው ዳር ላይ ነው። የልብሱ ውፍረት የሚመረጠው ዳር ላይ ነው። ትንፋሽ አለመያዝ ልማድ የሚሆነው ከመጥለቁ አስቀድሞ ጊዜ ተወስዶ፣ ሳይቸኮል፣ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሲደጋገም ነው። በዚህ ረገድ ሰሜን ፍሎሪዳ ጥሩ ምስክር ይሆነኛል።

ፍሎሪዳ ከሥሯ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የኖራ ድንጋይ ናት፤ በዚህ ድንጋይ ውስጥ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ከ1,000 በሚበልጡ ምንጮች ወደ ላይ ይወጣል። ከእነርሱ አንዱ ሃይ ስፕሪንግስ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ሳንታ ፌ ወንዝ ዳር ያለው ጂኒ ስፕሪንግስ ነው። ውሃው ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ዛፎቹ ሥር ድንኳን የሚተከልበት ሰፊ ቦታ አለ። አትላንታ ያለው ወገናችን ዓርብ ከሥራ መልስ ተነሥቶ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ሊደርስበት ይችላል። ለቤተሰብ የተፈጠረ ቦታ ይመስላል፤ ነውም። ሆኖም በዚህ በጠራ ውሃ ሥር የሚጀምሩት ዋሻዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት በፍሎሪዳ ምድር ብዙ ሰው ቀጥፈዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መዋኘት የማያውቁ አልነበሩም፤ በባሕር የሠለጠኑ፣ አንዳንዶቹም አስተማሪዎች ነበሩ። ሼክ ኤክስሊ የተባለው የዚያው ግዛት የዋሻ ጠላቂ እነዚህን አደጋዎች አንድ በአንድ መርምሮ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ያገኛቸው ምክንያቶች በጣም ቀላል ነበሩ። ሟቾቹ እስከ መውጫው የሚያደርስ ያልተቋረጠ ገመድ አልዘረጉም፤ ከአየራቸው ሁለት ሦስተኛውን ለመውጫ አላስቀሩም፤ ወይም ከተገቢው በላይ ጠልቀዋል። ሦስቱም ከመግባት በፊት የሚወሰኑ ናቸው። ኤክስሊ ራሱ በ1994 ሜክሲኮ ውስጥ ዛካቶን በተባለ እጅግ ጥልቅ የጨው አልባ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሞተ። ይህን የማነሣው ሊቁን ለመንቀፍ አይደለም። ከእሱ የበለጠ ሕጉን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዕውቀት ብቻውን ወሰን እንደማይሆን ግን ያሳያል።

ጂኒ ላይ ያሉት ሰዎች ከዚህ የተማሩትን ሁለት ነገሮች ስመለከት አድናቆቴን መደበቅ ያቅተኛል። አንደኛው፣ ዋናው ምንጭ ሥር ካለው ሰፊ አዳራሽ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ቀዳዳ በብረት ፍርግርግ ዘጉት። ስለዚህ የዋሻ ሥልጠና የሌለው ጠላቂ አዳራሹን አይቶ ይመለሳል፤ ለመቀጠል ቢፈልግም መንገድ የለም። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። «የሰይጣን ምንጮች» በሚሏቸው በአጠገቡ ባሉት ቀዳዳዎች የዋሻ ወይም የዋሻ አፍ ሥልጠና የሌለው ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ እንዳይገባ ተከለከለ። መብራት ከለከሉት! ሞኝነት ይመስላል፤ ነገሩ ግን የሰውን ጠባይ የሚያውቅ አእምሮ ሥራ ነው። ባትሪ የሌለው ሰው ጨለማው ሲጀምር ይመለሳል፤ ባትሪ ያለው ግን «እዚያ ጥግ ያለው ምንድን ነው?» ይላል። ውሃ ውስጥ የገባን ሰው በምክር መመለስ ስለማይቻል ምክሩን ከመግባቱ በፊት ከዕቃው ላይ ቀነሱለት። ከዚህ የተሻለ የክርክሬ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ወደ ጊዜ ጉዳይ ልግባ፤ ድንኳኑን ከምንም በላይ አስፈላጊ የሚያደርገው እሱ ነውና። ሰው በግፊት ሥር ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ በሳንባው በኩል ይወጣለታል፤ ከፈጠነ ወይም ብዙ ከተጫነ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደምናየው፣ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። ይህን በሥርዓት ያጠናው ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሆልዴን ነው፤ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ፍየሎችን በግፊት ክፍል ውስጥ እያስገባና እያስወጣ በ1908 ውጤቱን አሳተመ። ካስተማረን ነገር ዋናው የሰውነታችን ክፍሎች ናይትሮጅኑን የሚቀበሉትም የሚመልሱትም በአንድ ፍጥነት አለመሆኑ ነው። እሱ ያሰበው የመጨረሻው ዘገምተኛ ክፍል በየ75 ደቂቃው ግማሹን ይለቅቅ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን እስከ 635 ደቂቃ የሚፈጅ ክፍል በስሌቱ አካተተ። ቡልማን በስዊስ ተራሮች ላይ ያሉትን ሐይቆች ጭምር እያሰበ የሠራው ይህ ስሌት ዛሬ በብዙ ጠላቂዎች ክንድ ላይ በታሰረች ኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛል። 635 ደቂቃ ከ10 ሰዓት ይበልጣል፤ ግማሹ ብቻ ለመውጣት! ቅዳሜ ሲጠለቅ የገባው ናይትሮጅን እሑድ ጠዋት ሰውነት ውስጥ ገና አለ ማለት ነው። ቀን ወጥቶ ቀን የሚመለስ፣ በአንድ ቀን ሦስት አራት ዙር አጣድፎ የሚጨርስ፣ ከዚያ አምስት ሰዓት መኪና የሚነዳ ወይም በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ይህን ሰዓት ከየት ያመጣዋል? የጠላቂዎችን ደኅንነት የሚከታተለው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የሚመክረው አንድ ዙር ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ነው። በሁለት ዙሮች መካከልም ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ የተለመደ ነው። ድንኳን የሌለው ሰው ይህን ሰዓት መኪና ውስጥ እየተቁነጠነጠ ያሳልፈዋል፤ ድንኳን ያለው ቤተሰብ ግን ያበስላል፣ ልጆቹን ያስተኛል። እኛማ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከጥንት አለን፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ በቂ ነው፣ ቡናውን የሚያፈላው ሰው ካልቸኮለ።

«ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ነገር ነው፤ ሰው የሚሞተው በሌላ ነው» የሚል ካለ ቁጥሩን እንይ። በ2008 የታተመ የዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ተመራማሪዎች ጥናት ከ1992 እስከ 2003 የሞቱ 947 የመዝናኛ ጠላቂዎችን መርምሯል። የአደጋው መነሻ ሊታወቅ ከቻለባቸው መካከል 41 በመቶው አየር ያለቀባቸው ወይም ያነሳቸው ነበሩ፤ 20 በመቶው ደግሞ ተጠላልፈው ወይም መውጫ አጥተው የቀሩ ናቸው። ለሞት ካደረሱት ጉዳቶች ሩብ ያህሉ የልብ ነበር። ሻርክም ሆነ አዞ ዋና ቦታ የላቸውም። አየር የሚያልቅበት ማነው? መለኪያውን ማየት የዘነጋ፣ የደከመ፣ የበረደው፣ «ይህችን ብቻ አይቼ ልውጣ» ያለ ሰው ነው። ልቡ የሚከዳው ማነው? ብዙ ጊዜ ዕድሜው የገፋ፣ ሳምንቱን ከወንበር ሳይነሣ የሠራ፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ አባት ሊሆን ይችላል። ዓርብ ማታ ደርሶ በደንብ የተኛ፣ ጠዋት ቁርሱን የበላ፣ ውሃ የጠጣ ሰው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የተለየ ጠላቂ ነው። ባለቤቱ «ዛሬ ፊትህ ልክ አይደለም፤ ይቅርብህ» የምትለውም በዚያ ጠዋት ነው፤ ጀልባ ላይ ገንዘብ ከፍሎ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የተሰለፈን ሰው እንዲህ የሚለው የለም።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። የካምፕ ኑሮ ራሱ የአደጋ ምንጭ ነው ይባላል፤ እውነት አለበት። እሳት ዳር የሚመሸው ሰው ይጠጣል፤ በማግስቱ ውሃ የጎደለው ሰውነት ይዞ ይጠልቃል። ድንኳን ለለመደ እንጂ ላልለመደ የእንቅልፍ ቦታ አይደለም። የዘመድ ጉባኤም ይሉኝታ አለው፤ ሁሉም ሲገባ «እኔ ዛሬ አልገባም» ማለት ለእኛ ሰው ቀላል አይደለም። ለእኛ ብቻ የሚሆን አንድ ሌላ አደጋም አለ። የቡና ከሰል ሲመሽና ሲበርድ ወደ ድንኳን ይገባል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ ተኝቶ የቀረ ሰው ታሪክ በአገራችን የማያውቅ የለም። ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠብባል። እነዚህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም የተቃውሞውን ጠባይ ልብ በሉ፦ የተጠቀሱት ችግሮች በሙሉ የየብስ ችግሮች ናቸው፣ የየብስ መፍትሔም አላቸው። መጠጡን ለመጨረሻው ማታ፣ ከእንግዲህ የሚጠልቅ ለማይኖርበት ማታ ማቆየት ይቻላል። ከሰሉን ከድንኳኑ ውጪ ማጥፋት ይቻላል። ይሉኝታውንም ቢሆን ከመሄድ በፊት «ማንም፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይጠየቅ ሊተው ይችላል» ብሎ በመስማማት ማለዘብ ይቻላል። ይህ ስምምነት ለአዋቂ የተጻፈ ቢመስልም የሚያድነው ልጆችን ነው።

ስለ ልጆች ያለው ጥያቄ ከሁሉ ረጅም መልስ ይፈልጋል። ፓዲ የተባለው ትልቁ የሥልጠና ድርጅት ልጅን ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ተቀብሎ የታዳጊ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ 10 እና 11 ዓመት የሆናቸው ልጆች ከወላጅ፣ ከአሳዳጊ ወይም ከባለሙያ ጋር ሆነው ከ12 ሜትር በላይ አይጠልቁም። 8 ዓመት የሞላው ልጅ በ2 ሜትር ውሃ ውስጥ ሊሞክር ይችላል። እነዚህ ዕድሜዎች ዝቅተኛ ወሰኖች ናቸው፤ ግዴታ የሚመስሏቸው ወላጆች ግን አሉ። የልጁ አካል ብቻ አይደለም የሚመዘነው፤ ፍርሃቱን የመናገር ነፃነቱ ጭምር ነው። አባቱን ለማስደሰት ሲል ዝም ብሎ የሚገባ ልጅ ውሃ ውስጥ አይገባ። ከዚህ የሚከብደው ግን ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው የሒሳብ ጥያቄ ነው። ጠላቂ ብቻውን አይገባም፤ ጓደኛ ያስፈልገዋል። እናትና አባት ሁለቱም ከገቡ ካምፑ ላይ ከልጆቹ ጋር ማን አለ? የ7 ዓመቱ ልጅ ጠሪ ከሌለው ወደ ውሃው ነው የሚሄደው። አባት ከ10 ዓመት ልጁ ጋር ቢገባ ደግሞ፣ እሱ ራሱ ችግር ቢገጥመው የሚያወጣው የ10 ዓመት ልጅ ነው፤ ይህ ጓደኝነት በወረቀት ላይ እንጂ በጉልበት አይገኝም። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ለብቻው ለዚህ ሥራ ይጎድላል። ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ሁለት አዋቂ ሲገባ ሁለት አዋቂ የብስ ላይ የሚቀርበት ተራ ማውጣት አለበት። የሚቀሩት ስንት ሰዓት ላይ እንደተገባ፣ ስንት ሰዓት ላይ መውጣት እንዳለባቸውና ለማን እንደሚደወል መያዝ ይኖርባቸዋል። አክስቱን፣ አጎቱን፣ የክርስትና እናቱን ሁሉ ይዞ መሄድ ለሚወድ ሕዝብ ይህ አስቸጋሪ ትእዛዝ አይመስለኝም። እንዲያውም ሁልጊዜ በውጪ አገር ሰዎች ዘንድ እንደ ግርግር የሚታየው ብዛታችን እዚህ ላይ ሙያ ይሆናል።

ሐይቅ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም የሚለውን ተቃውሞ በአጭሩ ልለፈው። ኮራል ለሚፈልግ ሰው እውነት ነው፤ ወደ ቀይ ባሕር ይሂድ። የጠራ ምንጭ ከድንጋይ ሥር ፈንድቶ ሲወጣ ከውስጡ ሆኖ ማየት የማያስደስተው ሰው ግን መጥለቁን ሳይሆን ፎቶውን ነው የሚፈልገው ባይ ነኝ።

ወደ ራሳችን አገር ስንመጣ ክርክሩ ይጠነክራል እንጂ አይላላም። በመጀመሪያ ቢልሃርዚያ አለ። ጣናን፣ ሐዋሳንና ዝዋይን ጨምሮ በብዙ ሐይቆቻችን የሚገኘው ይህ ጥገኛ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማየታቸው ዓለም ያወቀው ግኝት ሆነ፤ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙትም ከዚህ የተነሣ ነው። ለርእሳችን የሚጠቅመው ቁም ነገር ቀንድ አውጣው የሚኖርበት ቦታ ነው፦ ጥልቁ ውስጥ ሳይሆን ዳሩ ላይ፣ ሣርና ቄጠማ ባለበት፣ ልጆች እግራቸውን ነክረው በሚጫወቱበት። ልብስ ለብሶ በጀልባ ርቆ የሚጠልቀው አባት ከዳር ከሚንቦጫረቀው ልጁ ያነሰ ተጋላጭ ነው። አሁንም የብሱ ነው እንግዲህ መጠናት ያለበት፤ ድንኳን ከመትከል በፊት የዚያ ዳርቻ ውሃ ምን እንዳለበት የጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

ቀጥሎ ከፍታችን አለ። የሥልጠና ድርጅቶች ከባሕር ወለል በላይ ከ300 ሜትር ጀምሮ ያለውን ውሃ የከፍታ ውሃ ይሉታል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋሉ፤ የአየሩ ግፊት እዚያ ከባሕር ወለሉ አራት አምስተኛ ገደማ ነው። ለባሕር የተሠራ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ እዚያ አይሠራም፤ ከጥልቀቱ ስንነሣ የምንመለሰው ወደ ሳሳ አየር ስለሆነ አረፋው ለመፈጠር ይቀለዋል። አንድ ቀን ሆራ ወይም ባቦጋያ ላይ መጥለቅ ቢለመድ ጠላቂው ከውሃው ወጥቶ መኪናውን ወደ አዲስ አበባ ሲያዞር ተጨማሪ 400 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ቤቱ እንጦጦ ሥር ከሆነማ ከዚያም ይበልጣል። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር የሚመጣጠን ነው፤ አዲስ አበባም ከዚያው ከፍታ ላይ ነች ማለት ይቻላል። ከጅቡቲ ባሕር ጠልቆ የሚመለስን ወገናችንን እናስብ። ወደ ሌላ የባሕር ዳር ከተማ የሚበር ጠላቂ ሲያርፍ የአውሮፕላኑ በር ይከፈትና ከባዱ አየር ይመለስለታል። ቦሌ ላይ ግን በሩ ሲከፈት የሚገባው አየር ከነበረበት አየር ብዙም አይለይም፤ በረራው ያበቃ እንጂ ከፍታው አላበቃም። በመኪና ቢመጣም መንገዱ ያው ወደዚህ ከፍታ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ 18 ሰዓቱ የሚቆጠረው ትኬት ሲቆርጥ ብቻ አይደለም፤ የመኪናውን ቁልፍ ሲያነሣም ነው። ሰኞ ሥራ የሚገባ የቢሾፍቱ ካምፐኛ መጥለቁን ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ይጨርስ፣ ቅዳሜን እዚያው ይደር፤ እሑድን ለጀልባና ለምሳ ትቶት ሲመሽ ወደ ላይ ይንዳ።